በሁለት ምት መሀል

«ኧረ ቆይ! እሱ እኮ አዲሱ ነው!»

ነርሷ ስትጮህ መቀሱ የልብ ማዳመጫውን ቱቦ ሊነክስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጆሮ ሁለት እጁን እንደ ተያዘ ሌባ ወደ ላይ አነሣ።

«ይቅርታ ሲስተር። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ጎማ። በምን ልለያቸው?»

«አሮጌው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ያውልህ፣ አንድ ጆሮው የወለቀው። እሱን እንዳሻህ ቆራርጠው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።»

«ጆሮ» እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። የሠርግና የስብሰባ ድምፅ ቀጂ ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየዘፈነ አንዲት የላላች ሽቦ ብታፏጭ ሰምቶ ዘወር የሚል። ከተማው ሁሉ በዚህ ስም ስለሚጠራው እናቱ ራሷ ለምዳዋለች። ነርሷና እሱ አንድ ክፍል የተማሩ የሠፈር ልጆች ናቸው፤ «ሲስተር» ሲላት ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነው።

ዛሬ ግን ወደ ጤና ጣቢያው ያመጣው ቀልድ አልነበረም። በመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ታናሽ እህቱ የአምስት ወር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቷን ቤተሰቡ ሚጢጢ ይላታል። ሚጢጢ ጡት ትይዝና ሁለት ሦስት ጊዜ ስባ ትደክማለች፤ ግንባሯ ላብ በላብ ይሆናል፤ ትተወውና ትተኛለች። ጎረቤት «ሰነፍ ጠቢ ናት፣ ይለቃታል» አለ። የእህቱ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከመንገድ እየደወለ «ደህና ናት?» ይላል፣ እሷም «ደህና ናት» ትለዋለች። ነርሷ ግን ልጅቷን በመዘነቻት ቁጥር ፊቷ ይለዋወጥ ጀመር። ትናንት ማዳመጫዋን ከደረቷ ላይ አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው፤ አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው። መጨረሻ ላይ «የልብ ሐኪም ቢያያት ደስ ይለኛል» አለች።

የልብ ሐኪሟ ያለችው የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬደው ትልቅ ከተማ ነው። ተራው ወራት ይፈጃል። ነርሷ በተማሪነቷ ጊዜ በዚያች ሐኪም ሥር ሠርታ ስለነበር ደፍራ ደወለችላት። ሐኪሟም «የልቧን ድምፅ ቅጂና ላኪልኝ። የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ተራ አስቀድማታለሁ። ካልሰማሁ እንደ ሰው ትጠብቅ፤ እዚህ የባሱ ሕፃናት ተኝተዋል» አለቻት። ነርሷ ስልኳን ልጅቷ ደረት ላይ አስቀምጣ ቀድታ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «የሰማሁት የልብስ ኮሽታ ብቻ ነው።»

ያን ጊዜ ነው እህት «ወንድሜ ድምፅ ቀጂ ነው» ያለችው።

«ስልክ የተሠራው ለወሬ ነው» አለ ጆሮ፣ የቆረጠውን ቱቦ አፍ በጣቱ እየጠራረገ። «ወሬ ያልሆነውን ሁሉ ረብሻ ነው ብሎ ይጥለዋል። የልብ ድምፅ ደግሞ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ በውጭ የሚያልፍ መኪና ይመስለዋል።»

ከቦርሳው የባቄላ ፍሬ የምታክል ማይክ አወጣ፤ በሠርግ ቀን ከሙሽራ ኮሌታ ሥር የሚደብቃት ናት። ቱቦው ውስጥ ከተታትና ዙሪያዋን በፕላስተር አጠበቀው። የማይኩን ሽቦ በእጅ ከምትያዘው መቅጃ ላይ ሰካ፣ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረገ፣ የማዳመጫውን ክብ ብረት ለነርሷ አቀበላት።

«በአንቺ ደረት ላይ እንሞክረው።»

«የኔን ልብ ምን አገባህ?»

«ለልክ ነው ሲስተር። ልጅቷ ላይ ስንደርስ እንዳንደናበር።»

ነርሷ እየሳቀች ብረቱን በነጭ ጋዋኗ ውስጥ አስገባችው። ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ልቧ ድው፣ ድው እያለ እንደ ወፍጮ በዝግታ ይመታል። ከበስተ ኋላ ቀጭን ጉምጉምታ አለ። ዓይኑን ከፈተና ክፍሉን ቃኘ፤ ጥጉ ላይ ነጭ ፍሪጅ ቆሟል።

«ያን ፍሪጅ ለሁለት ደቂቃ ማጥፋት ይቻላል?»

«እኔን አጥፋኝ። የክትባት ፍሪጅ ነው።»

«እሺ፣ እሺ። አብሮን ይቀዳ።»

ሚጢጢ ግን ብረቱ ገና ደረቷን ሲነካት አለቀሰች። የሚያለቅስ ሕፃን ልብ አይቀዳም። እናቷ ጡት ሰጥታ እስክታስተኛት መጠበቅ ግድ ሆነ። መጠበቁ ሲከብዳት እህቱ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ድምፁ እዚህች ዕቃ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «በቀዳዳው» ብሎ ያልፋት ነበር። አሁን ግን እህቱ ወሬ የፈለገችው ለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባው። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ባለው የሚጢጢ የክብደት ካርድ ላይ አረፈ።

«ይህን ካርድ አየሽ? ልጅ የሚያድገው በየደቂቃው ነው፤ ዛሬ ልረፍ አይልም። ሲስተር ግን በየደቂቃው አትመዝናትም። በወር አንዴ ትመዝንና ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቦቹን ስታያይዣቸው ዕድገቷ በመስመር ይታይሻል። አይደል?»

«እሺ።»

«ድምፅም እንደዚያ ነው። ማይኩ የአየሩን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ኤሌክትሪኩ ሳይቆራረጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ ውኃ። ይህች መቅጃ ደግሞ ነጥብ ታደርጋለች። አሁን ምን ያህል ከፍ አለ? አሁንስ? አሁንስ? እያለች። ልዩነቱ፣ እሷ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ ነው የምትለካው። የለካችውን በቁጥር ታስቀምጣለች። እዚህ ውስጥ ያለው ድምፅ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ስናዳምጥ ቁጥሩን መልሳ ታያይዝና ድምፅ ታደርገዋለች።»

ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች። «ልጅቷን በዓመት አንዴ ብቻ ብመዝናትስ?»

«በመሀል የታመመችውን አታዪውም። ድምፅም አልፎ አልፎ ከለካሽው ቀጫጭኑ ይጠፋብሻል።»

«ሚዛኔስ ኪሎ እንጂ ግራም የማያነብ ቢሆን?»

«ትንሽ ትንሽ መክሳቷን አታውቂም። ለዚህ ነው እኔም የዚህችን ሚዛን ከደቃቁ ላይ የማደርገው።»

«አንተ የሕፃን ሚዛኑ ላይ ብትወጣበትስ?» አለች እህቱ፣ ሆዱን በዓይኗ እየለካች።

«መርፌው እጫፍ ደርሶ ይገተራል። ከዚያ በላይ ያለውን አያውቅም፣ ይቆርጠዋል። መቅጃዋም ድምፁ ሲበዛባት ይህች ቀይ መብራት ትበራለች።»

እህቱ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ሚጢጢ በሳቁ መሀል እንቅልፍ ወሰዳት።

ነርሷ ብረቱን በመዳፏ አሙቃ ከሚጢጢ ደረት በግራ በኩል በቀስታ አሳረፈችው። ጆሮ የመቅጃዋን ቁልፍ ተጫነ። በሄድፎኑ ውስጥ የትንሽ ወፍ ልብ የመሰለ ፈጣን ምት መጣ። ከምቱ ሥር ግን ሽውውው የሚል ነገር ነበር፤ የማያቋርጥ፣ የሚያሰለች። ጆሮ ፊቱን አጨማደደ። ፍሪጁ ነው፤ አሮጌው ቱቦም አየር ሳያስገባ አይቀርም። ልጅቷን ቀስቅሶ እንደገና ከመጀመር ይሻላል ብሎ ዝም አለ።

«ተሰማህ?» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

«ጥሩ ነው። ትንሽ ረብሻ አለው እንጂ። ቤት ሄጄ አጸዳዋለሁ።»

ነርሷ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። የእናትየው ዓይን እላይዋ ላይ መተከሉን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

የጆሮ ሥራ ቤት ከመንገዱ ዳር ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተሸፍኗል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚጢጢን ልብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሙሽሮች «ስንናገር ነፋሱ ገባብን» ሲሉት እንደሚያደርገው አደረገ፦ በሁለት ምት መሀል ያለችውን ጠባብ ክፍተት መርጦ «ቆሻሻው ይኸው» ብሎ ለፕሮግራሙ አሳየው፤ ፕሮግራሙም ያንኑ የሚመስለውን ከዳር እስከ ዳር አነሣለት። የቀረው እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ድብ-ድብ፣ ድብ-ድብ። በሥራው ኮርቶ ለሐኪሟ ላከላት።

መልሱ ከምሳ በኋላ በነርሷ በኩል መጣ። ድምፁ በጣም ግሩም ነው፣ ሁለቱም ምቶች በንጽሕና ይሰማሉ፣ ለጊዜው የሚያስቸኩል ነገር የለም፣ ልጅቷ ተራዋን ትጠብቅ።

እህቱ ደወለች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱን ታደባልቃለች።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ዕድሜ ይስጥህ! እፎይ አልኩ እኮ። ለአባቷም ነገርኩት፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ነው የጮኸው።»

«ተመስገን በይ» አላት። እሱም ተመስገን አለ። ስልኩን ዘግቶ ገና ሳያስቀምጠው ነርሷ ደወለች።

«ላመሰግንህ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን የሚያመሰግን ሰው ድምፅ አልነበረም። «ዶክተሯ እንዲህ ያለ ጥራት ሰምቼ አላውቅም ብላለች። እኔ እንግዲህ... እናቷ ፊት መናገር አልፈለግሁም እንጂ የሆነ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ነበር። ሽው የሚል። የማያቋርጥ። ጆሮዬ ነው ማለት ነው፤ እርጅና መጣ። ይሁን፣ ደግ ነገር ነው። ደህና ዋል።»

ጆሮ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ሽው የሚል። የማያቋርጥ።

ያልተነካውን ቅጂ ከፈተ። በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ ስላልነበረው መቅጃዋ ላይ ያለውን አላጠፋውም ነበር፤ ሥራ በመጥፋቱ ፈጣሪውን ያመሰገነበት ቀን ቢኖር ያ ነው። በሄድፎን ሳይሆን በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ከፍቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና አዳመጠ። ጠዋት የሰለቸውን ሽውታ አሁን እንደ እንግዳ ተቀበለው። ሽውታው አንድ ዓይነት አልነበረም። ከምቱ ጋር ያብጣል፣ ከምቱ ጋር ይሟሽሻል፣ ግን አይቆምም። ስክሪኑ ላይም ይታያል፤ እንደሚተነፍስ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል።

ፍሪጅ ደግሞ የማንንም ልብ ተከትሎ አያጉረመርምም።

የነርሷን ሙከራ ከፈተ። ያው ክፍል፣ ያው ፍሪጅ፣ ያው ቱቦ። ድው፤ ከዚያ የፍሪጁ ቀጭን ጉምጉምታ ብቻ፤ ድው። በሁለት ምት መሀል ሌላ ምንም የለም።

ስልክን ሲያማ የዋለው ሰው ራሱ ከስልክ አልተሻለም። ስልኩ ሳያውቅ የጣለውን እሱ መርጦ፣ ጠቁሞ፣ አሳምሮ ጥሎታል።

ነርሷ ገና «ሃሎ» ከማለቷ «ጆሮሽ ልክ ነው» አላት። «ሽውታው ከልጅቷ ነው። በሽታውን ጠርጌ ነው የላክሁት።»

«ያልተነካው አለህ?»

«አለኝ።»

«ላከው። አሁኑኑ። የኔንም ጨምረህ ላክ፣ ታነጻጽረው። እኔ ደውዬ ራሴ እነግራታለሁ።»

ጥሬው ድምፅ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር እንዳለ አለበት። አጭቆ ቢያሳንሰው በአንድ ትንፋሽ ይሄድለት ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ከዚያ ድምፅ ላይ አንዲት ነጥብ ለመጣል እጁ አልታዘዘውም። ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። ላፕቶፑን አቅፎ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ወጣ፤ ልብስ ታጥቦ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ቆሞ ቀጭኗ መስመር ስትሞላ ያያት ጀመር። ጎረቤቱ አንሶላዋን ልትሰበስብ መጥታ «ምነው፣ ሠርግ ነው?» አለችው። ዓይኑን ከመስመሯ አላነሣም።

መስመሯ ሞልታ ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አያውቀውም።

«የሕፃኗ አጎት እርስዎ ነዎት?» አለች ሴት፣ ፈጠን ባለ አነጋገር።

«አዎ ዶክተር። ዶክተር፣ የጠዋቱ ጥፋት የኔ ነው፤ ረብሻ መስሎኝ...»

«እሱ ይቆየን። ይህኛው ምንም አልተነካም?»

«ምንም። እንደ ወረደ ነው።»

«እንግዲያው ነገ ይዛችሁልኝ ኑ። ተራ አትጠብቁም።» ድምፅዋን አለዘበች። «ሕፃን ማሕፀን ውስጥ እያለ በሳንባው አይተነፍስም። ደሙ በአቋራጭ የሚያልፍባት አንዲት ትንሽ ቧንቧ ከልቡ አጠገብ አለች። ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ትዘጋለች። የእናንተ ልጅ አልተዘጋችላትም ብዬ እገምታለሁ። ደሙ በዚያ ሲሾልክ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ ልቧም ሳንባዋም በከንቱ ይለፋሉ። በምስል አይቼ ነው የማረጋግጠው።»

«ትድናለች?»

«ብዙዎቹ ይድናሉ። ከባዱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።»

«የጠዋቱን ሰምተው ቢተዉት ኖሮ...»

«ትቼው ነበር እኮ!» አለች ሐኪሟ። «ለዚህ ነው ራሴ የደወልኩት። ሰው በተመሰገነበት ሥራ ላይ ተሳስቻለሁ ብሎ ሲመጣ ብዙ አይገጥመኝም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጆሮ ምስጋናውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ገና አንድ የሚሄድበት ቤት ነበረው።

እህቱ በረንዳው ላይ የልጇን ልብስ እያጠበች ታንጎራጉር ነበር። ከጎኗ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ አላሳጠረም፣ አላሳመረም። እጆቿ በአረፋው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ።

«ታዲያ ለምን ደስ አሰኘኸኝ?» አለችው። ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀጥናል። «ለምን እንደዚያ ደስ አሰኘኸኝ ጋሼ? አባቷ እኮ መንገድ ላይ ወርዶ ነው የጮኸው!»

«ልክ ነሽ።»

«ድምፅ አውቃለሁ ስትል አልነበር እንዴ!»

«ልክ ነሽ፣ እህቴ።»

ብዙ እንድትለው ፈልጎ ነበር። እሷ ግን እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ገብታ የተኛችውን ልጇን አየች፣ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «አብረኸን ትሄዳለህ አይደል?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

ሐኪሟ፣ ሆስፒታሉ ደርሰው ሲያገኟት፣ ጆሮ በድምፅዋ ካሰባት ይልቅ አጭር ነበረች፤ የጫማዋ ተረከዝ በአንድ በኩል አልቋል። ሚጢጢን በምስል ማሽኑ ስታያት ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ገመተችው ነው። በደረት በኩል መክፈት ሳያስፈልግ፣ ከእግሯ ደም ሥር ገብቶ ቧንቧዋን የሚደፍን ትንሽ መሰኪያ እንደሚበቃ ነገረቻቸው። አባትየው መኪናውን በር ላይ አቁሞ አቧራውን እንደለበሰ ደረሰ፤ ኮሪደሩ ላይ ከጆሮ ጎን ተቀምጦ እጁን ያዘውና ሳይለቀው ቆየ። እህት ግን ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ታመሰግናለች፦ ወለል የሚጠርጉትን ሴትዮ፣ ወንበር ያቀበላትን ጥበቃ፣ በር የያዘላትን የማታውቀውን ታማሚ። የምትለምን መስሎ እንዳይታይባት ይሆን፣ ወይ ምስጋናዋ ካቆመ የሚመጣው ፍርሃት ስለሆነ፣ ወንድሟ አላወቀም። አላስቆማትም።

ሚጢጢ ለሕክምናው የገባችበት ክፍል በር ሲከፈት ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ነበር። «ተዘግቷል» አለች፣ ገና እየተራመደች። «ተዘግቷል፣ ተዘግቷል። ደህና ናት።»

አባትየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እህት ሐኪሟን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት፤ አጭሯ ሐኪም እግሯ ተንጠልጥሎ «ኧረ አውርጂኝ፣ ኧረ በሕግ!» እያለች ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሚጢጢ ነቅታ ስትጠባ ሐኪሟ ወደ ጆሮ ዞረች። የራሷን ማዳመጫ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

«ይስሙት። ያለ ማሽን።»

ጆሮ ብዙ ዝምታ ያውቃል፤ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ያለውን፣ ሙሽራዋ እሺ ከማለቷ በፊት ያለውን፣ መብራት ሲጠፋ አዳራሽ ላይ የሚወድቀውን። ይህኛውን ግን ከየትኛውም ጋር ሊያነጻጽረው አልቻለም። ድብ-ድብ። ምንም። ድብ-ድብ። ምንም። ማዳመጫውን አውልቆ ሲመልስ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ለምስጋና ጎንበስ አለ።

«እኔን ሳይሆን ነርሷን» አለች ሐኪሟ። «እሷ ናት ያልተዋጠላት።»

ከተማቸው እንደገቡ ጆሮ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ነርሷ አንዲት አሮጊት እያከመች ነበር። በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወጥታ ስታየው ፊቱን አነበበችና መጀመሪያ ትከሻውን መታችው፣ ቀጥላ ዕንባዋ መጣ።

«ሲስተር፣ ያን ቀን ደውለሽ ጆሮዬ ነው ባትዪኝ ኖሮ...»

«እኔ እኮ ለራሴ ነበር የማወራው። አንተ ነህ የሰማኸው።»

«አንቺ ነሽ ቀድመሽ የሰማሽው።»

«እሺ ልጅቷ ናት የጮኸችው» አለች ነርሷ። «አሁን ሂድና ታጠብ፤ አውቶቡስ አውቶቡስ ትሸታለህ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ሚጢጢ ጡት ይዛ እስክትጠግብ የማትለቅ፣ ሌሊት ቤቱን የምታናጋ ሆነች፤ አባቷ በስልክ ጩኸቷን ሲሰማ «አሁን የኔ ልጅ ሆነች» ይላል። ጆሮም ወደ ሥራው ተመለሰ። የሠርግ ወቅት እየገባ ስለነበር ሽቦዎቹን ዘርግቶ አንድ በአንድ ሲፈትሽ ነርሷ ደወለች።

«አንዲት ነፍሰ ጡር አለችኝ። ከወንዙ ማዶ ነው የምትመጣው። ትንሽ ስትራመድ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ልቧ ላይ የሆነ ነገር ይሰማኛል። ዶክተሯን ጠየቅኋት፤ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው ጊዜ ያላት፣ ያን ጊዜ ከተላከላት እዚያው ሰምታ ትነግረናለች።» ትንሽ አመነታች። «ሠርግ እንዳለህ አውቃለሁ። ካልተመቸህ በስልኬ እሞክራለሁ።»

«በስልክ እንዳትሞክሪ» አላት። «መልሼ እደውላለሁ።»

ቅዳሜ የወቅቱ ትልቁ ሠርግ ነው፤ ቃል ከሰጠ ወራት አልፎታል። ማይኳን ለነርሷ ትቶላት ማስተማር እንዳለበት ያውቃል፤ ያስተምራታልም፣ ግን በሁለት ቀን የሚያልቅ ትምህርት አይደለም። ሙሽራውን ደውሎ አስፈቀደው። ሙሽራው ካለ ድምፅ አልጋባም፣ ሰው ተካልኝ አለው። በከተማው ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ድምፅ ማጉያዎቹ መስኮት ስለሚያንቀጠቅጡ ነጎድጓድ ይሉታል። ሥራ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ነው። አንድ የሠርግ ደንበኛ ነጥቆኛል በሚል ከተኳረፉ ወዲህ ሰላምታ የለም፤ ሁለቱም በየበራቸው ቆመው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ጆሮ ስልኩን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና ደወለ።

«ማን ልበል?» አለ ወፍራም ድምፅ።

«ከመንገዱ ማዶ ነኝ።»

ጆሮ በመስኮቱ ቢያይ ሰውየው በራፉ ላይ ወጥቶ ወደ እሱ አቅጣጫ አንጋጧል።

«ጆሮ? ምነው፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። ቅዳሜ ትልቅ ሠርግ ነበረኝ፤ አንተ ሥራው። ሙሽራውን ነግሬዋለሁ። የሙሽራዋ አባት ንግግር ሲያደርጉ ማይክ አፋቸው ውስጥ ነው የሚከቱት፤ ቀድመህ ዝቅ አድርገው።»

«ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ጆሮ ከመሬት ላይ ሽቦዎቹን ሰብስቦ፣ ትንሿን ማይክ ብቻ ለይቶ በደረት ኪሱ አስቀመጠ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለኝ» አለው።